እንባዬ እየፈሰሰ “የዓይን ድርቀት ነው” ተባልኩ

የሄርማታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሄርማታ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ከከሰል አልርቅም። ስቆላ ጭሱ ፊቴ ላይ ነው፣ ዕጣኑም አለ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ሁለቱም ዓይኖቼ ይቆጠቁጡኛል። ጠዋት አሸዋ የገባባቸው ያህል ይከረክሩኛል፣ ከሰዓት በኋላ ቀይ ይሆናሉ። ማታ ስልክ ሳይ ፊደሉ ይደበዝዝብኛል፤ ጨፈን ገለጥ ሳደርግ ይጠራል።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ “የዓይን ድርቀት ነው” ተባልኩ። ወረፋው ብዙ ስለነበር በደንብ አላስረዱኝም። እንባዬ እኮ ጉንጬ ላይ ይወርዳል! ደንበኞቼ “ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?” ይሉኛል። እንዲህ የሚያነባ ዓይን እንዴት ይደርቃል? ጎረቤቴ ደግሞ ለእሷ የታዘዘላትን ጠብታ ሰጥታኛለች፤ ዴክሳሜታዞን ይላል። ቅላቱን ቶሎ አጥፍቶላታል። ላድርገው? ሥራዬን መተው አልችልም፣ ልጆች አሉኝ።

የቦሳው ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ። እናቴም እንጀራ ስትጋግር እንደዚሁ ያደርጋታል። በቀዝቃዛ ሻይ ስትታጠብ ቀለል ይላታል፣ እስኪ ሞክሪው።

የዓይን ነርስ፣ ጅማ፦
እህቴ፣ ጠብታውን ዛሬውኑ ለጎረቤትሽ መልሺላት። ሌላውን ሁሉ ባታነቢ እንኳ ይህችን ያዢልኝ። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው፤ የዓይንን መቆጣት የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት ማለት ነው። ቅላት ቶሎ ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል። ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ነርቭ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ግላኮማ የወሰደው ዕይታ አይመለስም። የዓይን ሞራም ሊያስከትል ይችላል።

ወደ እንባሽ ልምጣ። እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ከላዩ ስስ ቅባት አለው። ቅባቱን የሚያመነጩት በዓይን ሽፋን ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ኋላ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። እነሱ ሲደፈኑ ውኃው ቶሎ ይተናል፣ የዓይኑ ፊት ይራቆታል። ጭስ ሲጨመርበት ይብስበታል። ያኔ ነርቮቹ ይቆጣሉ፣ እንባ በአንዴ ይጎርፋል። ግን ቅባት ስለሚያንሰው ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይን ላይ አይቆይም። ፊደሉ የሚደበዝዝብሽም ለዚሁ ነው፤ ስልክ ስናይ ደግሞ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ያነሰ ነው።

ሰው ሠራሽ እንባ ፋርማሲ ጠይቂ፤ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይም ሃይፕሮሜሎስ የሚል ይሰጡሻል። እስኪያቃጥልሽ አትጠብቂ፣ በየቀኑ አድርጊው። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ ካስፈለገሽ ማቆያ ኬሚካል (ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመር) የሌለበትን ፈልጊ። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባለው ማቆያ ሲደጋገም ራሱ ዓይን ያስቆጣል።

ማታ ማታ ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ፣ የተጨፈነ ዓይንሽ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አቆዪ። እንዳያቃጥልሽ መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪው። ከዚያ የላይኛውን ሽፋን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በቀስታ እሺው። የረጋው ቅባት የሚለቀው እንዲህ ነው። ሳምንታት ይፈጃል፣ እባክሽ አትሰልቺ።

ሥራሽን ተይ አልልሽም። ምድጃውን ግን ነፋሱ ጭሱን ከአንቺ በሚወስድበት በኩል አድርጊው። ዕጣኑንም ከፊትሽ አርቂው። ይህን ከጠብታው አሳንሼ አላየውም።

ወንድሜ፣ ለእናትህ ማሰብህ ደስ ይላል። ሻይ ግን ዓይን ውስጥ አይግባ፤ ንጽሕናው አያስተማምንም። ለእሳቸውም የሞቀው ጨርቅ ይሻላል።

የሄርማታዋ፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። አንድ ነገር ልጨምር፤ በልጅነቴ ገጠር ሳለሁ ትራኮማ ነበረብኝ። ይገናኛል?

የዓይን ነርስ፣ ጅማ፦
እንኳን ነገርሽኝ፤ አዎ፣ ሊገናኝ ይችላል። ትራኮማ በዓይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ዕጢዎቹን ይጎዳል፣ ሽፋሽፍቱንም ወደ ውስጥ ያጥፋል። የታጠፈ ሽፋሽፍት በተርገበገብሽ ቁጥር ዓይንሽን ይፍቃል፤ ይህ ደግሞ በጠብታ ብቻ አይድንም። ስለዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ሄደሽ ሽፋኑ ተገልብጦ ይታይልሽ። አፍሽ የሚደርቅ፣ መገጣጠሚያሽን የሚያምሽ ወይም የአለርጂ ክኒን የምትወስጂ ከሆነም ንገሪያቸው፤ ድርቀቱ ከእነዚያም ሊመጣ ይችላል።

ከባድ ሕመም ከተሰማሽ፣ ብርሃን ዓይንሽን እየወጋሽ ካስቸገረሽ፣ ዕይታሽ በድንገት ከቀነሰ ወይም የዓይንሽ ጥቁር ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ሂጂ።