የድንቅነሽ አጥንት ቅጂ በልጆች እጅ ይግባ ወይስ አይግባ?

የማርታ እናት፦ ትናንት የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ልጆቹ ሙዚየም ሲሄዱ የድንቅነሽን አጥንት ቅጂ እየነኩ ይማሩ አልኩ። አንድ አባት ተነሥተው «አጥንት መጫወቻ አይደለም» አሉኝ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

የሁለት ልጆች አባት፦ ሰውየው ምን አጠፉ? 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየ ቅርስ ለሕፃን እጅ አይሰጥም።

የማርታ እናት፦ ዋናውን ማን አለ? አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም መስታወት ውስጥ የምናየውም እኮ ቅጂ ነው። ዋናው ተቆልፎበታል። ቅጂ ቢሰበር ሌላ ይሠራል።

የባዮሎጂ መምህር፦ እኔን ያናደደችኝ «መጫወቻ» የምትለዋ ቃል ናት። ክፍል ውስጥ «በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር» ስል ተማሪው ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል። የጭን አጥንቷን ቅጂ ጉልበቱ ላይ ሲያቆመው ግን ወደ ውስጥ ማዘንበሉን ያያል። የራሱም እንደዚያው ነው። የቺምፓንዚው ቀጥ ያለ ነው። ያኔ ልጁ ራሱ ይደርስበታል።

ወልደ ሚካኤል፦ የት ነው የሚደርሰው? ከዝንጀሮ መጣህ ወደሚለው? እኔ ልጄን እግዚአብሔር ፈጠረህ ብዬ ነው ያሳደግሁት።

የባዮሎጂ መምህር፦ ከዝንጀሮ መጣን የሚል መምህር ካለ ተሳስቷል። ሳይንሱ ከቺምፓንዚ ጋር የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው የሚለው። እምነትዎን አልነካም። አጥንቱን ግን ልጁ ይንካው።

የአዋሽ ልጅ፦ ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር አፋር ውስጥ ነው። እኔ እዚያው አፋር ተወልጄ ተምሬ አንዲት ቅጂ በእጄ ሳልይዝ ጨረስኩ። እ.ኤ.አ. በ2025 የድንቅነሽና ሰላም የተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል ዋናው አጥንት ቼክ አገር ፕራግ ለዕይታ ሲሄድ ግን ቅርስ ነው ብሎ የጮኸ ብዙ ሰው አላየሁም።

የሁለት ልጆች አባት፦ እኔ ጮኬያለሁ! ፕራግን እዚህ ምን አመጣው? ዛሬ መጫወቻ ከሆነ ልጁ ነገ ዋናውንም አያከብርም ነው የምለው።

የባዮሎጂ መምህር፦ አሁንም «መጫወቻ»! ልጅ የሚያከብረው የሚያውቀውን ነው።

ሰናይት፦ የኔ ልጅ ዓይነ ስውር ናት። አንድ ሙዚየም ወስጃት መስታወቱን ዳስሳ ተመለሰች። «ቀዝቃዛ ነው» አለችኝ። ስለ ድንቅነሽ የምታውቀው ይኼንኑ ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦ እሷስ ትንካ እህቴ፣ እኔ ስለ እሷ አላልኩም። ለሌላው ግን ማየት ይበቃል።

የማርታ እናት፦ ማን ለክቶት ነው የሚበቃው?