«ትራንስሌሽን» የሚለው ቃል አሳሳተኝ፤ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጽሑፍ እንዴት ነው የምታነቡት?

የላስታዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የቅርስ ጥበቃ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው። ያደግኩት እዚያው ነው፤ ቤተ አማኑኤልን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለ እሱ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ሳነብ ግን የማላውቀው ሕንፃ ይሆንብኛል።

ባለፈው ሳምንት አማካሪዬ አንድ ምዕራፍ መለሰልኝ። ቃላቱን ብቻ ቀያይረሽ የሰው ዓረፍተ ነገር ነው ያመጣሽው አለኝ። የባሰው ደግሞ የገባኝም በስህተት ነው። ጽሑፉ የእንጨት ሥራ ወደ ድንጋይ ስለመደረጉ «ትራንስሌሽን» ያወራል። እኔ የቋንቋ ትርጉም መስሎኝ ድንጋይ ላይ ስለተጻፈ ጽሑፍ አደረግኩት። ቀጥሎ «ስኪዩሞርፍ» የሚል ቃል አለ። መዝገበ ቃላት አየሁ፣ አሁንም አልገባኝም። እናንተ እንዴት ነው የምትወጡት?

አርክቴክት ነኝ
አይዞሽ እህቴ፣ መልሱን በዓይንሽ አይተሽዋል። ይምርሐነ ክርስቶስ ሄደሽ ታውቂያለሽ አይደል? ዋሻው ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ ነው። እንጨቱ ግድግዳውን አስሮ ይይዛል። ሥራ አለው።

አሁን ቤተ አማኑኤል ፊት ቁሚ። ግድግዳው እንደዚያው ገባ ወጣ እያለ በአግድም ይሄዳል። እዚህ ግን ረድፉ እንጨት አይደለም፤ ሁሉም ያው አንድ አለት ነው። ጠራቢዎቹ የእንጨቱን መልክ ድንጋዩ ላይ ቀረጹት። ስኪዩሞርፍ ማለት ይሄ ነው፤ ድሮ ሥራ የነበረው ነገር፣ የሚሠራበት ዕቃ ሲቀየር ሥራው ቀርቶ መልኩ ሲተርፍ። «ትራንስሌሽን» ያለውም መልኩ ከእንጨት ወደ ድንጋይ መሻገሩን ነው።

ይህ የእንጨትና የድንጋይ አሠራር ከአክሱም ዘመን የመጣ ነው፤ እዚያም ያው ነው። ደብረ ዳሞ ላይ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የእውነት የእንጨት ጫፎች ናቸው፤ ከግድግዳው ወጣ ብለው ይታያሉ። ከሮም በ2005 እ.ኤ.አ. የተመለሰው ሐውልት ላይ ያሉት ክብ ክብ ነገሮች ግን ቅርጽ ብቻ ናቸው። ከኋላቸው እንጨት የለም።

ሌላም ልጨምርልሽ። «ፋብሪክ» ሲሉሽ ጨርቅ እንዳይመስልሽ፣ የሕንፃው አካል ነው። «ኤሌቬሽን» ደግሞ ሕንፃው ከአንድ ጎን ፊት ለፊት ሲታይ ያለው ገጽ ነው። እኔም ተማሪ እያለሁ ከፍታ ነበር የሚመስለኝ።

ተርጓሚዋ
ወንድሜ ቃሉን ፈትቶታል፤ እኔ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ልበል። የምሁራን እንግሊዝኛ ድርጊቱን ስም ያደርገዋል፤ ማን እንዳደረገው ይጠፋል። አማርኛ ግስ ግን ባለቤቱን ይዞ ይመጣል። «ቀረጹ» ስትዪ «እነማን?» ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። ስለዚህ ወረቀቱን ዝጊና ነገሩን ላላነበበ ሰው በአማርኛ አውሪለት። ሰውየው ከገባው አንቺም ገብቶሻል። እንግሊዝኛውን ካወራሽው ተነስተሽ ጻፊ። ወረቀቱን የምትከፍቺው ለማመሳከር ብቻ ነው።

አደራ፣ «ሊሆን ይችላል»ን እንዳትጥዪ። የአርኪኦሎጂ ሊቁ ዴቪድ ፊሊፕሰን እዚያው ላሊበላ ያሉት ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን በፊት፣ መጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት ተፈልፍለው ሊሆን ይችላል ባይ ነው። «ሊሆን ይችላል»ን አውጥተሽ ከጻፍሽው ሰውየውን ያላለውን አስባልሽው። አማካሪሽን የሚያስቆጣ ደግሞ ከዚህ በላይ የለም።

የላስታዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ እናቴ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ እንጨት አጥተው ነው ወይስ የአባቶቻቸው ቤት ናፍቋቸው?» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ቁጭ ብዬ የጻፍኩት በአማርኛው ይሄ ነው፦

«የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ግድግዳ መልክ አለት ላይ ቀረጹ። እንጨት ስለማያስፈልጋቸው፣ ይህን ያደረጉት ራሳቸውን ከአክሱም ጋር ለማያያዝ ሊሆን ይችላል።»

ተርጓሚዋ
ጎበዝ! አንድ ነገር ብቻ። ሁለተኛው ሐሳብ የራስሽ ነው ወይስ ካነበብሽው? ካነበብሽው ከሆነ የጸሐፊውን ስምና ገጹን ጻፊ። በራስሽ ቃል ብትጽፊውም ሐሳቡ የእሱ ነው።

የላስታዋ
ካነበብኩት ነው። አሁኑኑ አስገባለሁ።