የፋሮስ ድንጋዮች፦ ከባሕር ይውጡ ወይስ ባሉበት ይቆዩ?

መነሻ፦ እ.ኤ.አ. በ2025 እስክንድርያ ላይ፣ ከቃይትባይ ምሽግ ሥር፣ ለመርከቦች መንገድ ያሳይ የነበረው የጥንቱ የፋሮስ መብራት ቤት 22 ግዙፍ ድንጋዮች ከባሕር ወጥተዋል። አንዳንዶቹ ከ70 እስከ 80 ቶን ይመዝናሉ። የቀሩትስ ይውጡ? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስጎብኚ፦ ይውጡ እንጂ! ከአገራችን የሚሄደው ሰው የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርድ «ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ የቱ ጋ ነው?» ይላል። የሚታየው ግን ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 መብራት ቤቱ በወደቀበት ቦታ ማሠራት የጀመረው ምሽግ ነው። ከባሕር ወጥቶ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት የቆመውን የጥንቱን የግብፅ ንጉሥ የበጥሊሞስን ሐውልት እዩ። አንገትን ቀና አድርጎ ያየው ሰው ከ100 ሜትር በላይ የነበረው ሕንፃ ምን ያህል እንደነበር ያኔ ይገባዋል።

ጠላቂ፦ ወንድሜ፣ «ይውጡ» ማለቱ ቀላል ነው። ጥልቀቱ ከ6 እስከ 8 ሜትር ስለሆነ እሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከ3,000 በላይ ቁራጭ አንዱ ባንዱ ላይ ተዘርግፎ መተኛቱ ነው። የ1303ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውን እንዴት እንደሰባበረው የሚነግረን ይሄው አወዳደቅ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ድንጋይ በምን ላይ፣ ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደተኛ ሳይለካና ከየአቅጣጫው እየተደራረበ ፎቶ ሳይነሳ ከተነሳ ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ማንሻ ቀበቶ ለማሳለፍ ሥሩ ይቆፈራል፤ ሲቆፈር የተደገፈው ሌላ ድንጋይ ይንሸራተታል። የ75 ቶን ግራናይት ውሃ ውስጥ 46 ቶን ገደማ ነው የሚከብደው። ከውሃው ሲወጣ ቀሪው 29 ቶን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀበቶው ላይ ይጫናል። ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ ለሁለት የሚከፈለው እዚያ ላይ ነው።

የድንጋይ እንክብካቤ ባለሙያ፦ ከወጣ በኋላ ያለውን ደግሞ ማንም አላነሳውም። ድንጋዩ እስኪጓጓዝ ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ለአፍታም መድረቅ የለበትም። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ይለወጣል፣ በየለውጡ የጨው መጠን ይለካል። አዲሱ ውሃ ውስጥ የጨው መጠን መጨመሩን ሲያቆም ብቻ ቀስ ተብሎ ይደርቃል። ይህ ወራት ይፈጃል። ፀሐይ ላይ ከተተወ ግን ውሃው ተንኖ ጨው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይረጋል፣ ይገፋል። መጀመሪያ በጣት ሲነካ የሚነሳ ነጭ ዱቄት ይታያል፤ ቀጥሎ ፊቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ቀድሞ የሚሄደው የተቀረጸው ፊደል ነው። የኖራ ድንጋይ ሲሆን ይብሳል። ገንዳው ሳይዘጋጅ ድንጋይ ማውጣት ማጥፋት ነው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

አስጎብኚ፦ እህቴ፣ ባሕሩስ መች ማረው? በ1993 ምሽጉን ከማዕበል ለመከላከል ተብሎ የአርማታ ብሎክ የተደፋው እዚሁ ፍርስራሽ ላይ ነው! በ1994 በፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ በዣን ኢቭ አምፐረር መሪነት ጥናቱ የተጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው። «ባለበት ይቆይ» የሚባለው ሳይነካ ለቆየ ነገር ነው።

የሕንፃ ባለሙያ፦ ሁላችሁም «ሁሉም ወይም ምንም» እያላችሁ ነው። በ2025 የወጡት የበር ጉበን፣ መቃንና ደፍ፣ የወለል ንጣፍም ጭምር ናቸው። ጉበንና መቃን የበሩን ስፋትና ቁመት ይናገራሉ፤ በኮምፒውተር ላይ በምስል የሚገጣጠመውን ሕንፃ የሚያስተካክሉት እንዲህ ያሉት ናቸው። ከመቶ መሰሎቹ የማይለይ ጥርብ ድንጋይ ግን ወጥቶ የሚጨምረው ዕውቀት የለም፤ ውሃ ውስጥ መለካቱ ይበቃዋል። ስለ ውሃ ውስጥ ቅርሶች የወጣው የ2001 የዩኔስኮ ስምምነትም ባለበት መጠበቅን ቀዳሚ አማራጭ ያደርገዋል እንጂ ማውጣትን አይከለክልም።

ጠላቂ፦ በዚህ ከሆነ እስማማለሁ። ተለክቶ ያለቀው ብቻ፣ ያውም ተመርጦ።

አስጎብኚ፦ እንግዲያው አንድ ጉበን በሁለት መቃኑ ላይ ምሽጉ በር ፊት ይቁምልን። ሰው በሥሩ ይለፍ።

የድንጋይ እንክብካቤ ባለሙያ፦ እዚያማ አይሆንም! ማዕበሉ የሚረጨው ጨው ወራት የታጠበውን ድንጋይ መልሶ ያጠጣዋል። ከባሕር ነፋስ ራቅ ያለ፣ ጣሪያ ያለው ቦታ ፈልጉለት።