በነጭ ቸኮሌት የተለበጠ የግብዣ ሲሪያል፦ ለምን ይጓጉላል? ለምንስ ይልፈሰፈሳል?

ጥያቄ፦ ከ«ማለዳ»

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አባላት።

በመጪው ቅዳሜ ለልጄ ልደት 30 ያህል እንግዶች ስለምጠብቅ፣ ከኬኩ ጎን በትንንሽ የወረቀት ኩባያዎች የሚቀርብ፣ በነጭ ቸኮሌት የተለበጠና ባለቀለም የስኳር ፍንጣሪ የተነሰነሰበት ሲሪያል (ከእህል የሚሠራ ደረቅ የቁርስ ምግብ) ለማዘጋጀት አስቤያለሁ። ምድጃ ውስጥ የሚገባ ነገር ስለሌለው ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ለሙከራ የሠራሁት ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኛል።

በመጀመሪያው ዙር ነጩን ቸኮሌት ውሃ በሚፈላበት ድስት አፍ ላይ ባስቀመጥኩት ጎድጓዳ ሳህን አቀለጥኩት። እንደ ክሬም ከለሰለሰ በኋላ ሮዝ እንዲሆንልኝ ብዬ ለኬክ ክሬም የምጠቀምበትን የምግብ ቀለም አምስት ወይም ስድስት ጠብታ ጨመርኩበት። ማማሰያውን ሦስት ጊዜ እንኳ ሳላዞር ቸኮሌቱ ሰብሰብ ብሎ ጓጎለ፤ መልኩም እርጥብ አሸዋ መሰለ። እሳቱን ብጨምርም ይባስ ደረቀ እንጂ አልተመለሰልኝም። ሁለተኛውን ዙር ያለ ቀለም ሠርቼ በደንብ ተለበጠልኝ፤ ነገር ግን እንዲጠነክር ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬ በማግስቱ ሳወጣው ላዩ አላበው፣ ከሰዓት በኋላም ሲሪያሉ ልፍስፍስ ብሎ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ሆነ።

ምን እንዳጠፋሁ ብታስረዱኝ፣ ለ30 ሰው የሚበቃውን መጠንና ስንት ቀን ቀድሜ ልሠራው እንደምችል ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ከሚመጡት ልጆች አንዱ ኦቾሎኒ የማይስማማው መሆኑንም ከወዲሁ ላሳውቃችሁ።

መልስ፦ ከ«ጣዝማ»

ሁለቱም ጥፋቶች ምንጫቸው አንድ ነው፤ እሱም ውሃ ነው። ይህ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከእርጥበት መጠበቅን ይጠይቃል፤ ይህ ከገባዎት ሌላው ሁሉ ይቀልልዎታል።

ቸኮሌት ማለት በጣም የደቀቀ ስኳርና ሌላ ደረቅ ነገር በስብ ውስጥ ተበትኖ የሚገኝበት ድብልቅ ነው። ሲቀልጥ የሚፈሰው ስቡ እያንዳንዷን የስኳር ቅንጣት ከቦ ስለሚያንሸራትታት ነው። ጥቂት የውሃ ጠብታ ሲገባበት ግን ስኳሩ ይረጥብና ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓጉላሉ። ለኬክ ክሬም የሚሆነው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ ውሃ ስለሆነ ያበላሸብዎት እሱ ነው። ለቸኮሌት የሚሆነው በዘይት የሚሟሟው ቀለም ነው፤ ሲገዙ መያዣው ላይ ለቸኮሌት የተዘጋጀ መሆኑን ያንብቡ። እንደ እኔ ከሆነ ግን ቸኮሌቱን በነጭነቱ ትተው ድምቀቱን ለስኳር ፍንጣሪው ቢሰጡት ይሻላል፤ በነጩ ላይ ቀለሙ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

የጓጎለውን እንዳይጥሉት። ተጨማሪ ትኩስ ወተት ወይም ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ ቢያማስሉት ስኳሩ ይሟሟና እንደገና ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ለመለበጥ ባይሆንም ኬክ ላይ የሚፈስ ጥሩ ስጎ ይወጣዋል።

አቀላለጡን በተመለከተ፣ ነጭ ቸኮሌት የወተት ዱቄትና ብዙ ስኳር ስላለው ከጥቁሩ ይልቅ ቶሎ ያራል፤ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ባይወጣ ይመረጣል። ስለዚህ ውሃው እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ ያሙቁትና እሳቱን አጥፍተው ሳህኑን ይጣዱት፤ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን መንካት የለበትም። ሳህኑን ሲያወርዱ ደግሞ ከሥሩ የተንጠለጠለውን ጠብታ ወዲያውኑ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ብዙ ሰው ቸኮሌቱን ወደ ሲሪያሉ ሲያፈስ ከሥሩ የምትንጠባጠበውን ውሃ ልብ አይላትም። በማይክሮዌቭ ከሆነ በግማሽ ኃይል 30 ሴኮንድ፣ ከዚያ በኋላ 15 ሴኮንድ እያደረጉ በየመሃሉ ያማስሉት፤ ጥቂት ፍርፋሪ ሳይቀልጥ ሲቀር ያቁሙ፣ የቀረው በራሱ ሙቀት ይቀልጣል። ቅርጹን ሳይለቅ የሚቀልጥ በመሆኑ በዓይን ብቻ ካዩት ያልቀለጠ ይመስላል፤ የሚታወቀው ሲማሰል ነው።

ለ30 ሰው 250 ግራም ሲሪያል፣ 150 ግራም ጨው ያለው ትንንሽ ደረቅ ብስኩትና 500 ግራም ነጭ ቸኮሌት በቂ ነው፤ ድምሩ 900 ግራም ስለሚሆን ለእያንዳንዱ እንግዳ 30 ግራም ይደርሰዋል። ሲሪያሉ ወፈር ያለና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ስስ የሆነው ኮርንፍሌክስ ሲማሰል ይደቅቃል። ቸኮሌቱን በሁለት ዙር ያፍስሱት፣ በሰፊ የጎማ ማማሰያም ከሥር ወደ ላይ በቀስታ እየገለበጡ ያዋህዱት። ከዚያም የመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተው ፍንጣሪውን ሳይውሉ ሳያድሩ ይነስንሱት፤ ላዩ ማብረቅረቁን ካቆመ በኋላ የተነሰነሰ ፍንጣሪ እየረገፈ ሳህን ሥር ይቀራል።

መልስ፦ ከ«ወለላ»

«ጣዝማ» ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን የቸኮሌቱን ዓይነት ሳይለዩ ማለፋቸው «ማለዳ»ን በሌላ በኩል እንዳይጎዳቸው እሰጋለሁ።

በነጭ ቸኮሌት ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ስቡ የካካዎ ቅቤ የሆነ እውነተኛ ነጭ ቸኮሌት ሲሆን፣ ሁለተኛው በካካዎ ቅቤ ፋንታ እንደ ፓልም ፍሬ ያለ ሌላ የአትክልት ስብ የገባበት መለበጫ ነው። መለበጫው ቀልጦ ሲቀዘቅዝ በራሱ ይጠነክራል። የካካዎ ቅቤ ግን በልክ ሞቆ በልክ ካልበረደ በእጅ ሲይዙት የሚቀልጥ ይሆናል፣ ከቀናት በኋላም ላዩ አመድማ ይሆናል። ባለሙያዎች ይህን ማስተካከያ ቴምፐሪንግ ይሉታል። በቤት ውስጥ ቀላሉ መንገድ ከ500 ግራሙ 350 ግራሙን ማቅለጥ፣ ከእሳት ካወረዱ በኋላ የቀረውን 150 ግራም በደቃቁ ከትፎ ጨምሮ ሙቀቱ ወደ 28 ወይም 29 ዲግሪ እስኪወርድ ማማሰል ነው፤ ያልቀለጠው ቸኮሌት ለቀለጠው ትክክለኛውን አረጋግ ያስይዘዋል።

በጣዕም እውነተኛው እንደሚበልጥ አልጠራጠርም። ሆኖም 30 እንግዳ የሚጠብቅ ሰው፣ ያውም ልጆች በሞቀ እጃቸው የሚያነሱትን ነገር ሲሠራ፣ መለበጫውን ቢመርጥ አልፈርድበትም። አንድ ቁንጣን ጨው ቢጨምሩበት ደግሞ ጣፋጭነቱ ስለሚለዝብ ጣዕሙ በእጅጉ ይሻሻላል።

ስለ ፍሪጁም ልጨምር። ቀዝቃዛ ነገር ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲወጣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ላዩ ላይ ጠል ሆኖ ይሰፍራል። ያ ጠል ላዩ ላይ ያለውን ስኳር ያሟሟዋል፤ ሽፋኑ ባልደረሰበት ወይም በተሰነጠቀበት ቦታም ገብቶ ሲሪያሉን ያልፈሰፍሰዋል። ስለዚህ ክፍሉ ቀዝቀዝ ካለ ጨርሶ ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በራሱ ይጠነክራል። ክፍሉ ሞቃት ከሆነብዎት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ያስገቡት። ከዚህ በላይ መቆየት ግድ ከሆነ አየር በማያስገባ ዕቃ ዘግተው ያስቀምጡት፣ ሲያወጡትም ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ክዳኑን አይክፈቱት፤ ጠሉ ከዕቃው ውጭ ይቀራል። በደንብ ከተከደነ ሦስት ወይም አራት ቀን ቀድሞ መሥራት ምንም አያሳስብም።

መልስ፦ ከ«እሸት»

ኦቾሎኒ የማይስማማውን ልጅ በተመለከተ ለብቻው መነገር ያለበት ስለሆነ በዚህ ላይ ብቻ እጽፋለሁ። ኦቾሎኒውን ከአሠራሩ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። የቸኮሌቱንም፣ የሲሪያሉንም፣ የብስኩቱንም፣ የፍንጣሪውንም መያዣ አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ኦቾሎኒ በሚዘጋጅበት ፋብሪካ የተመረተ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ካለበት ይተዉት። በሁለት ሳህን ከፍዬ አንዱን ለእሱ ብቻ እሠራለሁ የሚለውንም ሐሳብ አልመክርም፤ በልጆች ግብዣ ላይ እጅና ማንኪያ ከሳህን ወደ ሳህን መዘዋወሩ አይቀርምና፣ ሁሉም ከኦቾሎኒ ነጻ ቢሆን ለልጁም ለእናቱም ዕረፍት ነው። ለእናቱ ቀድመው ደውለው የመያዣዎቹን ፎቶግራፍ ቢልኩላቸው ደግሞ የበለጠ ይሆናል፤ የልጃቸውን ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ብዙዎች የሚወዱት በዱቄት ስኳር የሚለወሰው ዓይነትም አለ። ለእሱ 280 ግራም ሲሪያል፣ 170 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ 130 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 55 ግራም ቅቤና 180 ግራም የዱቄት ስኳር ያስፈልጋል። በእርስዎ ግብዣ ላይ በኦቾሎኒው ቅቤ ፋንታ ከሱፍ ፍሬ የተዘጋጀውን መጠቀም ይቻላል። ሲሪያሉ ከተለበጠ በኋላ ለብ እስኪል ጠብቀው ከስኳሩ ጋር በትልቅ ከረጢት ይወዝውዙት፤ ትኩሱን ከወዘወዙት ስኳሩ ተመጥጦ ይጠፋል፣ ከጠነከረ በኋላ ከሆነ ደግሞ አይዝለትም።

ከአራት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚመጡ ከሆነ ያልተፈጨ ለውዝም ሆነ ፈንዲሻ አይቀላቅሉበት፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ከ«ማለዳ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መለበጫውን ገዝቼ በነገራችሁኝ መሠረት ሩቡን መጠን ሞከርኩ። ሳህኑን ሳወርድ ከሥሩ በእርግጥም አራት ወይም አምስት ጠብታ ተንጠልጥሎ አገኘሁና ጠረግኩት፤ ባለፈው ጊዜም እንዲሁ ተንጠልጥሎ እንደነበር አሁን ገባኝ። ትሪው ላይ ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ከ40 ደቂቃ በኋላ ወረቀቱን ከአንድ ጥግ ሳነሳው በሙሉ ተላቆ መጣ፤ ስሰብረውም ቀጭ የሚል ድምፅ ሰጠ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከዕቃው አውጥቼ ስቀምሰው ኩርሽምሽምታው እንዳለ ነው። የልጁን እናትም አነጋግሬ ሦስቱን መያዣዎች አጽድቀውልኛል፣ አንዱን የፍንጣሪ ዓይነት ግን በሌላ ቀይሬዋለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ልጄ ትንንሽ ማርሽማሎው (እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰው ከረሜላ) እንዲገባበት አጥብቃ ትጠይቃለች። ከሲሪያሉ ጋር አብሬ ብለብጠው ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ከ«ጣዝማ»

ለስላሳው ማርሽማሎው በውስጡ እርጥበት የያዘ ነው። ከደረቅ ሲሪያል ጋር በአንድ ዕቃ ተከድኖ ሲያድር እርጥበቱ ወደ ሲሪያሉ ይሄድና ማርሽማሎው ይደርቃል፣ ሲሪያሉም ይልፈሰፈሳል፤ ሁለቱም ይጎዳሉ ማለት ነው። የደረቀ ዘቢብም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ለብቻው አስቀምጠው እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ በየኩባያው ቢጨምሩት ለሁለት ሰዓት ያህል ምንም አይሆንም።

ማርሽማሎውና ሲሪያል አብረው እንዲሆኑ የግድ ከፈለገች ግን ማርሽማሎውን አቅልጦ ማያያዣ ማድረግ ነው። ይህ በ1939 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካው ሲሪያል አምራች በኬሎግ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሚልድረድ ዴይና ማሊታ ጄንሰን ከፈነዳ ሩዝ ያዘጋጁት ጣፋጭ ነው። 45 ግራም ያህል ቅቤ በዝግታ አቅልጠው 280 ግራም ማርሽማሎው ይጨምሩበት፤ እንደቀለጠ ወዲያውኑ አውርደው ከ160 እስከ 170 ግራም የፈነዳ ሩዝ ያዋህዱበት፣ ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይም ሳይጠቀጥቁ በቀስታ ይዘርጉት። እሳት ላይ ከቆየ ወይም በኃይል ከተጨቆነ ሲበርድ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ማርሽማሎው አብዛኛውን ጊዜ ጀላቲን ስላለበት ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚታቀቡ እንግዶች ካሉ ቀድመው ይጠይቋቸው። የፈነዳው ሩዝም የገብስ ብቅል ሊገባበት ስለሚችል፣ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን) የማይስማማው ልጅ ካለ የእሱንም መያዣ እንደ ሌሎቹ ያንብቡት።