አባዬን በስልክ ልቅዳ ብዬ ቬንትሌተሩ አሸነፈኝ

የለገሃሬዋ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አግዙኝ።

አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ሸመንደፈር፣ የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። በያጅ ነበር። ወሬ ሲይዝ አማርኛው መሃል ኦሮምኛ ይገባል፣ ሶማልኛ ይገባል፣ የዕቃ ስም ላይ ሲደርስ ደግሞ ፈረንሳይኛ ይሆናል። ስለ አንድ ብሎን ግማሽ ሰዓት ያወራል፤ አይሰለችም። ይህን እየቀዳሁ አጫጭር ቪዲዮ ልሠራበት አሰብኩ። ቲክቶክ ላይም ቴሌግራም ላይም የሚሆን። ያለኝ አንድ መካከለኛ አንድሮይድ ስልክ ነው። ለሌላ ዕቃ ከ1000 ብር በላይ ማውጣት አልችልም።

ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም አልሆነም።

መጀመሪያ ከሰዓት በርጫው ላይ ቀዳሁት። ወሬው የሚመጣለት ያኔ ነዋ። ቤታችን ቆርቆሮ ስለሆነ ያለ ቬንትሌተር አይቻልም። ስሰማው አባዬ ወፍጮ ቤት ገብቶ የሚያወራ ነው የሚመስለው። አጠፋሁት። አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ «አብሪው አቦ!» ብሎ ወሬውን ተወው።

ሁለተኛ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር አስቀመጥኩት። የባጃጁ ጩኸት እንዳለ ሆኖ፣ ስልኩ ራሱ ጋለና ቀረጻውን አቋረጠው።

ሦስተኛው ይብሳል። ጠዋት፣ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ስልኩን ስታንድ ላይ አድርጌ ፊቱ ተከልኩት። አባዬ ዜና አንባቢ ሆኖ ቁጭ አለ። ድሬ ተወልዶ «አንቱ» ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው «የተከበራችሁ ተመልካቾች» አለኝ።

ምን ላድርግ?

መኪና ግርግር (ሐረር)

እህቴ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ጩኸት ነው፤ ስለዚህ ስለ ጩኸት እኔን ጠይቂኝ። የምሰፋውን ልብስ በቪዲዮ የማሳየው ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቼ እየሰፉ ነው። ተዉልኝ ልላቸው አልችልም፤ እንጀራቸው ነው።

ዋናው ነገር ርቀት ነው። ስልኩ ከአባትሽ አንድ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ እሱንም ቬንትሌተሩንም እኩል ነው የሚሰማው። ከአፉ አንድ ስንዝር ብታደርጊው ቬንትሌተሩ ባለበት ይቀራል፣ የአባትሽ ድምፅ ግን ይገዝፋል። ማጥፋት አያስፈልግም።

እንዴት ይቀርባል? ደረት ኪስ ያለው ሸሚዝ አልብሺው። ስልኩን ዘቅዝቀሽ ኪሱ ውስጥ ክተቺው። የአብዛኛው ስልክ ማይክ ታች ነው ያለው፣ ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ። ስትዘቀዝቂው ማይኩ ወደ አገጩ ይዞራል። ድምፅ መቅጃውን ክፈቺና ተዪው። ኪሱ ውስጥ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ እስክሪብቶ እንዳይኖር። ሸሚዙ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ይህን ልብስ ሰፊ ሲነግርሽ እመኚ።

ቬንትሌተሩን ደግሞ ከፊቱ አንሺው። ከጩኸቱ የባሰ የሚያበላሸው ማይኩን የሚመታው ንፋስ ነው። ከጀርባው አድርጊው፣ ዝቅ ብሎ ወደ ወገቡ ይንፋ። ፍጥነቱን አንድ ላይ አድርጊው።

ሦስተኛው ችግርሽም አብሮ ይፈታል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ከሆነ ካሜራ የለም፤ ካሜራ ከሌለ ዜና አንባቢም የለም። ምስሉን ሌላ ቀን ቅጂ፣ እጁን ብቻ። ስኒ ሲይዝ፣ የብየዳው ጠባሳ፣ ጥፍሩ። ከዚያ ድምፁን ከሥሩ አስገቢ። አፉ ሲንቀሳቀስ መታየት የለበትም።

ይልቅ ያኔ ባቡሩ ተራራውን ወጥቶ ሐረር ገብቶ ቢሆን ኖሮ አባትሽ የኛ ሰው ነበር።

የለገሃሬዋ

እናንተ ተራራ ላይ ተቀመጡ፣ እኛ ባቡሩን ወሰድን!

ሸሚዙ ግን ችግር ነው። አባዬ ቤት ውስጥ ሽርጥና ካናቴራ ነው። ሸሚዝ ልበስ ካልኩት ማን ሞተ ነው የሚለኝ።

ሳቢያን ሰፈር

እንግዲያው አንገት ላይ የሚቆነጠጥ ማይክ ግዢ። ካናቴራ ላይም ይይዛል። ገመድ አልባውን ተዪው፤ ባለ ሽቦውን ያዢ፣ በበጀትሽ የሚገኘው እሱ ነው። ታይዋን ገበያ ሞልቷል።

ስትገዢ ጫፉ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ቁጠሪ። ሦስት ከሆኑ ለስልክ ነው። ሁለት ከሆኑ ለካሜራ ነው፣ ያለ ማገናኛ ስልክሽ አያውቀውም። ስልክሽ ክቡ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ ታይፕ ሲ የሆነውን ጠይቂ።

ብር ሳትከፍዪ ሱቁ ውስጥ ሞክሪው። ሰክተሽ እየቀዳሽ የማይኩን ራስ በጥፍርሽ ጫር ጫር አድርጊው፣ ከዚያ ስሚው። ጭረቱ ጆሮ የሚበጥስ ከሆነ የሚቀዳው እሱ ነው። ጭረቱ ከሩቅ ከመጣ ግን ስልኩ ማይኩን አላወቀውም፣ በራሱ እየቀዳ ነው። ሻጩ «ኦሪጂናል ነው» ሲልሽ ጥፍርሽን አውጪ። እኔ ሳልሞክር ገዝቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ በአዲሱ ማይክ የምቀዳ መስሎኝ ነበር። «ልዩነቱማ!» እያልኩ ለሰው ሳስደምጥ ነበር ደግሞ።

ኤዲተሯ (ከዚራ)

የሙቀቱን ለእኔ ተዉልኝ። ሰርግ ነው የምቀርጸው። በግንቦት፣ በድሬ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አትጠይቁኝ።

ስልኩ የሚግለው ፀሐይ ብቻ ስለመታው አይደለም፤ ሥራ ስለበዛበትም ነው። ቪዲዮው 4ኬ ላይ ከሆነ ወደ 1080 አውርጂው። 4ኬ ማለት እያንዳንዱ ምስል ላይ አራት እጥፍ ነጥብ ነው፣ ስልኩ ያን ሁሉ ይሸከማል። በሰከንድ 30 ፍሬም ይበቃሻል። በስልክ ለሚያይሽ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። የስልኩን ከቨር አውልቂ። ቻርጅ ላይ ሰክተሽ አትቅጂ። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሺ። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፤ ኔትወርክ መፈለጉን ያቆማል፣ ስልክ ተደውሎም ወሬው አይቆረጥም። አንዱን ሰዓት ሙሉ ከመቅዳት አምስት አምስት ደቂቃ እያደረግሽ ቅጂ። ጋለ ብለሽ ፍሪጅ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ስም አልጠራም። ወንድሜ ነው።

የሰው ስልክ መዋስ ከቻልሽ በአንዱ ድምፅ፣ በሌላው ምስል ቅጂ። ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቢ። በኋላ ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ መቁረጫ አፕ ላይ የድምፁ መስመር ሹል ብሎ የወጣበትን ቦታ እጅሽ ከተጋጠመበት ምስል ጋር ታገጣጥሚዋለሽ። ሌላው ሁሉ ይከተላል።

አንድ ነገር አትርሺ። ወሬው ሳይጀመር 20 ሰከንድ ዝም በሉና ቬንትሌተሩን ብቻ ቅጂ። ኮምፒውተር ያለው ጓደኛ ካለሽ ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ያውርድልሽ። ያቺን 20 ሰከንድ መርጠሽ «ጩኸቱ ይህ ነው» ብለሽ ታሳዪዋለሽ፤ ከቀረው ላይ ይቀንስልሻል። ትንሽ ብቻ ቀንሺ። ከበዛ አባትሽ ጋን ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ቴሌግራም ላይ ኦሪጂናሉን ስትልኪም «እንደ ፋይል» ብለሽ ላኪ። በቪዲዮነት ከላክሽው ጨምቆ ጥራቱን ያወርደዋል።

ባለ ሦስት እግር

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ኤአይ አለ አይደል? የድሮ ፎቶውን ስጪው፣ አባትሽን ያንቀሳቅሰዋል፣ ባቡሩን ጭስ እያስወጣ ያስኬደዋል። ከዚያ ጨረስሽ።

የሺኒሌ መንገድ

ተው አቦ! ሞክሬዋለሁ። «የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ» ብዬ ጻፍኩለት። የካውቦይ ፊልም ባቡር ነው ያመጣልኝ፤ ሐዲዱ ሰፊ፣ ከኋላ በረዶ ያለበት ተራራ። የእኛ አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ነው 1.435 ሜትር የሆነው። አባትየው በያጅ ነው። መጀመሪያ የሚያየው ሐዲዱን ነው። ስልኩን ነው የሚወረውርብሽ።

እኔም የባቡር ልጅ ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም። መኪና ግርግር የነገረሽን ሁሉ አድርጊ። ግን አባትሽን ብቻውን አታስወሪው። ሽማግሌ ለልጁ ሲያወራ ያሳጥራል፣ አታውቅም ብሎ ይተወዋል። አብሮት ለሠራ ሰው ሲያወራ ሌላ ሰው ነው።

ቴሌግራም ላይ ቻናል ክፈቺ፣ አስተያየት መስጫውንም ክፈቺው። አባትሽ ካወራው አንድ ደቂቃ ቆርጠሽ ልቀቂ። ከሥሩ አንድ ትንሽ ጥያቄ ጻፊ፣ መልሱም በድምፅ ይሁን በዪ። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፤ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ላይ የተዘራ ቤተሰብ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ደርሶ አዲስ አበባ እስኪገባ 1917 ሆኗል፤ በየመንገዱ ሰው ወልዶ ነው የሄደው። መጻፍ የማይወድ ሽማግሌ ድምፅ መላክ አይከብደውም፣ ጣቱን ይጫናል፣ ያወራል። ድምፆቹን በጣቢያው ቅደም ተከተል ብትቀጥያቸው አንድ ክፍል አንድ ጣቢያ ይሆናል። ይህን ደግሞ ድሮ ካሴት መቅጃ ይዘው የሽማግሌ ወሬ ለመቅዳት የዞሩ ሰዎች ሊያደርጉት አይችሉም ነበር።

ጥያቄው ግን ትንሽ ይሁን። «ታሪክህን ንገረኝ» ካልሽው የተከበራችሁ ተመልካቾች ይመጣል። «ምሳ የት ነበር የምትበሉት?» በዪው።

ጀጎል ውስጥ

ከመልቀቅሽ በፊት አባትሽ ይስማው። የሰው ስም ከጠራ፣ በተለይ የተጣላውን፣ ቁረጪው። አያቴ ስፌት ስትሰፋ ቀድቼ ለቀቅኩ። ከኋላ የጎረቤት ልጅ ፀጉሯን እየተሠራች ነበር፤ አላየኋትም። እናቷ ሁለት ወር አላናገረችኝም። ወርክሾፑ ግቢም ካሜራ ይዘሽ ከመግባትሽ በፊት ፈቃድ ጠይቂ።

የለገሃሬዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

መጣሁ።

ማይኩን ገዛሁ። ሁለቱ በጥፍር ፈተና ወደቁ፣ ሦስተኛው አለፈ። ሻጩ ደስ አላለውም። ካናቴራው አንገት ላይ ቆነጠጥኩት፣ ቬንትሌተሩን ወደ ጀርባው አዞርኩት፣ ስልኩን ሽርጡ ላይ ጣልኩት። «ምሳ የት ነበር የምትበሉት?» አልኩት። አርባ ደቂቃ። ቬንትሌተሩ አሁንም አለ፤ ግን ጎረቤት ቤት ያለ ነው የሚመስለው። ኦዳሲቲውን ገና አልሞከርኩም።

የለቀቅኩት አንድ ደቂቃ ስለዚያው ብሎን ነው። አባዬ «ቡሎን ነው እንጂ ብሎን የሚባል ነገር የለም» ይላል፤ ፈረንሳዮቹ ቡሎን ነው የሚሉት ብሎ። «እናንተ ጋ ምን ይሉታል?» ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ። ስምንት ሰው በድምፅ መለሰ። አንዱ አዋሽ ያለ ሰውዬ ነው። «ድሬዎች ድሮም አፋችሁን ታጣምማላችሁ፣ ብሎን ነው!» አለ። አባዬ ድምፁን ለየው። ስሙን አልነገረኝም። ሁለቴ አስደግሞ ሰማው፣ ሳቀ፣ ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

ይኸው አራተኛ ቀኑ። እየተመላለሱ ነው። ይህን የምጽፈው በእህቴ ስልክ ነው። አንዱ የአባዬ መልስ 11 ደቂቃ ነው። እነዚህ የድምፅ መልእክቶች እንዳይጠፉብኝ የት ላስቀምጥ?

የሺኒሌ መንገድ

በእህትሽ ስልክ ቻናሉን ተቀላቀዪና ሁሉንም ወደ ሴቭድ ሜሴጅ ፎርዋርድ አድርጊ። በየሳምንቱ ደግሞ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጪ፣ ፋይሉን በቀንና በጣቢያ ስም ሰይሚው። «ድምፅ 1፣ ድምፅ 2» ካልሽው ከወር በኋላ ማን ማን እንደሆነ አታውቂውም።

ኤዲተሯ (ከዚራ)

ቻርጅ ላይ ሰክቶ እንዳያወራ ብቻ።