በጎንደር ለሚጠባበቁት የሚላከው ርዳታ ለምን ይዋል?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ይህ ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ወደ እስራኤል ለመሄድ ተመዝግበው ለዓመታት የሚጠባበቁ ዘረ እስራኤል አሉ። እስራኤል ውስጥ «ፈላሽ ሙራ» ይሏቸዋል። ቅድመ አያቶቻቸው ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በሚሲዮናውያን ስብከት፣ በክፉ ቀን ረሃብና በኑሮ ጫና ክርስትና የተነሡ ቤተ እስራኤል፣ ማለት የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ናቸው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ አይሁዱም ክርስቲያኑም ገንዘብ ይልክላቸዋል። ገንዘቡ ለጉዞ ይዋል? ለዕለት ጉርስ? ወይስ ጭራሹን መላኩ ይቅር? ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፉ። የሚሳደብ ይወጣል።

ወንጌላዊው (ሜሪላንድ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ነገሩን የምጀምረው ከመጽሐፍ ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 11 የተረፈው ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን አገሮች ሲዘረዝር አሦርንና ግብፅን ጠርቶ ኢትዮጵያንም ይጨምራል። በምዕራፍ 49 ደግሞ አሕዛብ የጽዮንን ወንዶች ልጆች በብብታቸው፣ ሴቶች ልጆቿን በትከሻቸው ተሸክመው እንደሚያመጡ ይናገራል። ጳውሎስም በሮሜ 15፥27 በመንፈሳዊው ነገር የተካፈልን አሕዛብ በሥጋዊው ልናገለግላቸው እንደሚገባ ጽፏል። ኦሪቱን፣ መዝሙሩን፣ ነቢያቱን ከማን ተቀበልን? ዕዳችንን ነው የምንከፍለው። በኢየሩሳሌም የሚገኘው ዓለም አቀፍ የክርስቲያን ኤምባሲ ከኢትዮጵያ ለሚሄዱ ሰዎች የበረራ ወጪ ሲሸፍን ቆይቷል፤ የእኛም ጉባኤ በአቅሙ መባ ይሰበስባል። ገንዘቡ ለጉዞ ይዋል እላለሁ። እዚያው የሚያቆያቸውን ነገር መደገፍ መንገዱን ማስረዘም ነው።

የአምቦበር ልጅ (ሪሾን ለጽዮን)፦ ወንጌላዊ፣ ልብዎን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ተሸክመን አመጣናቸው የሚለው አነጋገር ያመኛል። በ1984 ከጎንደር ገጠር የተነሡት ሰዎች ቀን ተደብቀው ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን የገቡት በገዛ እግራቸው ነው። 4 ሺህ ያህሉ በመንገድና በመጠለያ አልቀዋል። የእናቴ ታላቅ እህት ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ቀርታለች፤ መቃብሯን የሚያውቅ የለም። እነዚያ ሰዎች ትንቢቱን ከማንም አልተማሩትም። በስግድ፣ በቤተ እስራኤል ዓመታዊ የጾምና የጸሎት በዓል፣ ቀን ጾመው፣ ድንጋይ ተሸክመው ተራራ ሲወጡ፣ ቄሶቹም ኦሪቱን በግእዝ አንብበው በአማርኛና በትግርኛ ሲተረጉሙላቸው የኖሩ ናቸው።

ገንዘብ አያስፈልግም አልልም። እኔ ራሴ በልጅነቴ በሰሎሞን ዘመቻ የመጣሁ ነኝ። ግንቦት 1991፣ መንግሥቱ ከአገር በወጣ በቀናት ውስጥ፣ በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወጣ። ወንበሩ በተነሣ አውሮፕላን ወለል ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ሲል አስተናጋጁ እየገፋ አስገባው። ለአገሩ መንግሥት የተከፈለውን 35 ሚሊዮን ዶላር ያዋጡት የአሜሪካ አይሁድ ናቸው። ያ ገንዘብ ሕይወት አድኗል።

ነገር ግን ሄንሪ ስተርንም በ1860 መጽሐፍ ይዞ ነበር የመጣው። ራሱ ከአይሁድ ወላጆች የተወለደ፣ አይሁድን ወደ ክርስትና ለመመለስ የተቋቋመው የለንደን ማኅበር የላከው ሰው ነው። ዛሬ ጎንደር ተቀምጠው የሚጠባበቁት የብዙዎቹ ጣጣ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ገንዘብ ሲባል ሽማግሌዎቻችን «ከኋላው ምን አለ?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም።

ወንጌላዊው፦ የስተርንን ዕዳ በእኔ ላይ አይጻፉ። የምንሰጠውን ገንዘብ ስብከት አይከተለውም፤ በጽሑፍ ጭምር ቃል ገብተናል።

ሒሳብ ሠሪው (አዲስ አበባ)፦ ትንቢቱን ለሁለታችሁ ትቼ ወደ ቁጥሩ ልግባ። በ2010 የእስራኤል መንግሥት ወደ 8 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዲገባ ወሰነ። ነሐሴ 2013 የመጨረሻው በረራ ተብሎ ተከበረ፣ ንግግር ተደረገ፣ መዝገቡ ተዘጋ። በ2015 ደግሞ 9 ሺህ ያህል ሰው ቀርቷልና ይግባ ተባለ። በ2020 መጨረሻ ተጠባባቂዎችን ወደ እስራኤል የሚወስደው የጹር እስራኤል ዘመቻ ተጀመረ። «መጨረሻ» በተባለ ቁጥር ሌላ ተጠባባቂ ይገኛል። ለምን? ርዳታው፣ ጸሎት ቤቱና መዝገቡ ያሉት ከተማ ውስጥ ስለሆነ ሰው ገጠሩን ትቶ ይመጣል። ልጅ ይወልዳል፤ ልጁም ተጠባባቂ ሆኖ ያድጋል። እንግዲህ በርዳታ የሚታደለው ዱቄት ሰውን እየመገበ መጠበቁንም አብሮ ይመግባል። እኔ ብሆን አንድ ቀን ቆርጬ መዝገቡን እዘጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ገንዘብ ሁሉ ለሥራ ማስጀመሪያ ወረት ይውላል። ሌላው ነገር፣ በዚያው ሰፈር ምንም የማያገኘው ድሀ ጎረቤት ይህን ሁሉ ቆሞ ያያል። ያም አብሮ ይታሰብ።

ተጠባባቂው (ጎንደር)፦ ወንድሜ፣ ስለ እኔ ስለጻፍህ ልመልስልህ። አባቴ በሬዎቹን ሸጦ ከተማ ሲገባ ዱቄት ፍለጋ አልመጣም። ወንድሙ በሰሎሞን ዘመቻ ሄዶ ነበር፤ «ስማችሁን አስመዝግቡ፣ ለመጪው ክረምት እዚህ ናችሁ» ብሎ ጻፈለት። መሬት እንደማይሸጥ ታውቃለህ። ትቶት የወጣ ሰው ይዞታው ለሌላ ይሰጣል። አባቴ ሞተ፤ እኔ ከባለርስት ልጅነት ወደ ቀን ሠራተኛነት ወርጄ ድንጋይ እሸከማለሁ።

«ለሥራ ማስጀመሪያ» አልህ። ጥሩ። ዕቁብ ማን ያስገባኛል? «ቁጥር ሁለት ደርሶህ በማግስቱ ብትበርስ?» ይሉኛል። አሠሪው ነገ ትሄዳለህ ብሎ ቋሚ አያደርገኝም። አከራዩ ደግሞ እስራኤል ዘመድ አለው ብሎ ኪራይ ይጨምራል። ብድር ቢሉህ ዋስ የሚሆን የለም። እኛን ከሥራ ያራቀን ዱቄቱ አይደለም፤ ይሄዳል ይቀራል የሚለው ነገር አለመቁረጡ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ አንድ ቀን ቆርጠህ መዝገቡን ስትዘጋ ከመዝጊያው በፊት የገባነውን ምን ታደርገናለህ?

ስለ ዱቄቱ ካነሣህ ላይቀር፣ ለፋሲካ የምንጋግረውን ቂጣ መጥተህ እይ። ሴቶቹ በአንድ ወገን ያቦካሉ፣ ወንዶቹ ይዳምጣሉ፣ አንዱ ሰዓት ይዞ ይቆማል። ዱቄቱ ውሃ ከነካው 18 ደቂቃ ሳይሞላ ምጣድ ላይ መዋል አለበት፤ ካለፈ ይጣላል። የተራበ ሰው ዱቄት ሲጥል አይተሃል? እኛ እንጥላለን። ይህን ለርዳታ ብሎ የሚያደርግ ሰው ካለ ብልኀቱን ያስተምረኝ።

እናቴ በጹር እስራኤል ዘመቻ ሄደች። እኔ ባለትዳር ስለሆንኩ ጉዳዬ በሌላ ፋይል ይታያል ተባለ። ነሐሴ 2023 ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲከፈት ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰው በልዩ በረራ ተወሰደ። እኛ ከልጆቹ ጋር አልጋ ሥር ነበርን፤ እናቴ ከዚያ እየደወለች «ለምን አልወጣችሁም?» ትለኛለች።

የቄስ ልጅ (ነታንያ)፦ የወንድማችን ነገር አንጀት ይበላል፤ ቢሆንም የምናገረውን እናገራለሁ። አባቶቻችን ለሃይማኖታቸው የከፈሉትን ዋጋ የሚያነሣ ሰው እዚህ አላየሁም። አፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ «የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ» ብለው አወጁ ይባላል። ያልተጠመቀው ርስቱን አጥቶ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ ሆነ፤ ቡዳ እየተባለም ኖረ። አያቴ ሸክላ እየሸጠች ገበያ ላይ ገንዘቡን ከእጇ አይቀበሏትም ነበር፤ መሬት ላይ አስቀምጪ ይሏታል። መጠመቅ ይህን ሁሉ ያስቀርላት ነበር። አልተጠመቀችም።

እዚህ ከመጣን በኋላም ቢሆን በ1985 የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት አይሁድነታችንን ተጠራጥሮ እንደ አዲስ ገቢ «ውሃ ውስጥ ግቡ» ብሎን ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም አደባባይ አንድ ወር ገደማ ተቀምጠው ተቃውመዋል። አይሁድ መሆናችንን የተቀበለው የራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ የ1973 ብያኔ፣ የእስራኤል መንግሥት የ1975 ውሳኔ እያለ ማለት ነው። በ1996 ደግሞ የለገስነው ደም ሲደፋ መኖሩ ተጋለጠ። አሁን የዘር ሐረጉ የሚያከራክር ሰው በገባ ቁጥር ጥያቄው ተመልሶ እኛ ላይ ይወድቃል፤ የእኔ ልጅ ለመጋባት ስትሄድ ፊቷን አይተው ወረቀት ይጠይቋታል። ስግድ የቆመበት መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 9 ራሱ የሚጀምረው የእስራኤል ዘር ከባዕዳን ሁሉ ተለየ ብሎ ነው።

የታሪክ መምህር (ባሕር ዳር)፦ እህቴ፣ ከዚያው ታሪክ ዕዝራ ምዕራፍ 2 ላይም አብረን እንቁም። ከባቢሎን የተመለሱት ቤተሰቦች በስም በስም ይቆጠራሉ። ቁጥር 59 እና 60 ላይ ግን የአባቶቻቸውን ቤት፣ ከእስራኤል ወገን መሆናቸውንም ማስረዳት ያልቻሉ 652 ሰዎች አሉ። አብረው ወጡ፤ ከሕዝቡም ጋር ተቆጠሩ። የተከለከሉት በትውልድ መዝገብ ስማቸው ያልተገኘ ካህናት ናቸው፤ እነርሱም ከክህነት እንጂ ከመንገዱ አልተከለከሉም። በዚያ ዘመን መዝገብ አጥባቂ ከዕዝራ የበለጠ ሰው አልነበረም። ለተከራካሪዎቹ ሁሉ የሚሆን ምዕራፍ ነው፤ ለሒሳብ ሠሪውም ጭምር፣ ቁጥር ስለሚወድ።

የቄስ ልጅ፦ መምህር፣ ዕዝራ ምዕራፍ 10 ላይ ባዕዳን ሚስቶቻቸውን ያሰናበቱትንም ይጨምሩበት እንጂ። አንዱን ምዕራፍ ከፍቶ ሌላውን መዝጋት አይሆንም።

የታሪክ መምህር፦ እውነት ነው፣ እሱም አለ። ግን ከዚህ ክርክር ጋር የሚገጥመው የትኛው ነው? ምዕራፍ 10 ከባዕድ ሕዝብ ስለ ተጋቡ ሰዎች ነው። እዚህ ያሉት «ዘራችን ይህ ነው፣ ወረቀት የለንም» የሚሉ ናቸው። በገጠር ጎንደር ማን የልደት ወረቀት ነበረው? የተጠመቁት ደግሞ ሁሉም ርስት ፈልገው አልነበረም። ከ1888 እስከ 1892 በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ አልቆ ሰው ቅጠል ሲበላ ያገኘ ሁሉ ያገኘው ደጅ ተጠግቷል። የእርስዎን አያት ጽናት አደንቃለሁ፤ ነገር ግን የተራበችውን ሌላዋን አያት በልጅ ልጇ ላይ መበየን ይከብደኛል።

የአምቦበር ልጅ፦ ከነታንያዋ እህቴ ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ ዋጋው የተከፈለው በእኛ ወገን ነው። ግን የልጅሽን ወረቀት የሚጠይቀው ሰው ጎንደር ያለውን ዘመዴን ቢያስቀረው መጠየቁን ያቆማል ብለሽ ነው? ዘመዴ ሳይመጣም ይጠይቅ ነበር። በ1985 የፈላሽ ሙራ ጉዳይ ገና አልተነሣም ነበር፤ አንቺው እንዳልሽው ወላጆቻችን አደባባይ ተቀምጠው ነበር።

ሒሳብ ሠሪው ስለ ድሀ ጎረቤት ያለውን ግን ማንም አልመለሰለትም፤ እኔ ልመልስ። ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ለድሀና ለስደተኛ ቃርሚያውን ተው ይላል፤ ዘር ቆጥረህ አይልም። የአይሁድ ማኅበረሰብ ርዳታ ክሊኒክ ሲከፍት የጎረቤቱንም ልጅ ቢያክም ከኦሪቱ አይወጣም። በዚህ በኩል ከእኛ ቄሶች ይልቅ ገንዘብ ላኪዎቹ ይጠብባሉ፤ ለአይሁድ የተሰጠ ለአይሁድ ብቻ ይላሉ።

ሒሳብ ሠሪው፦ ይህን እቀበላለሁ። ለመዝገቡ ግን አሁንም መልስ አላገኘሁም። ማን ይዘጋዋል?

ተጠባባቂው፦ መዝገቡን የከፈተው ይዝጋው። እዚያ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያለውን ሁሉ አንድ ጊዜ ይውሰድና ይዝጋው። የቀረነውን ደግሞ «አትሄዱም» ይበለን። አትሄዱም የተባለ ሰው እኮ ቢያንስ ዕቁብ ይገባል። ከሃያ ዓመት በላይ የሰማነው «ጉዳያችሁ እየታየ ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

ወንጌላዊው፦ እንግዲህ ከሰማሁት ሁሉ ልጠይቅ። የሰበሰብነው መባ በእጃችን አለ። ለበረራ ይዋል ስል ተቃወማችሁኝ። ለምን ይዋል ትሉኛላችሁ?

ተጠባባቂው፦ ወንጌላዊ፣ ቲኬት የጎደለው ሰው እዚህ የለም። የጎደለው ፈቃድ ነው። ፈቃድ ያገኘውን የእስራኤል መንግሥትም የአይሁድ ኤጀንሲም ይወስደዋል። የእርስዎ ገንዘብ ሁለት ነገር ይሥራ፤ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ወተትና ዱቄት፣ ለአዋቂው ደግሞ ኢየሩሳሌም ተቀምጦ ፋይል የሚከታተል ጠበቃ።

ወንጌላዊው፦ ለጠበቃ ብዬ መባ ብጠይቅ ማን ይሰጠኛል? ምእመናን ከአውሮፕላን የሚወርድ ቤተሰብ ሲያዩ ነው ልባቸው የሚነካው።

ሒሳብ ሠሪው፦ እንግዲያው ፎቶግራፍ እየገዛችሁ ነው።

ወንጌላዊው፦ ይህ ከባድ ቃል ነው ወንድሜ። ሰው ሲሰጥ ማየት መፈለጉ ኃጢአት አይደለም። የሚታየውን ፍሬ ካላሳየሁት በሚቀጥለው ዓመት አይሰጥም፤ ያኔ ወተቱም ይቀራል።

ተጠባባቂው፦ ልጆቻችን ቂጣ ሲጋግሩ፣ በዕብራይስጥ ሲዘምሩ እየመጡ ያነሡናል፤ አንከለክልም። የእኔ ልጅ ፎቶ በሦስት አገር መጽሔት ላይ እንደ ወጣ ሰምቻለሁ፤ እሷ ግን አሁንም እዚህ ናት። ስለ ጠበቃው ያልኩትን ለምእመናንዎ እንዲህ ብለው ያስረዱልኝ። የእናቴ ፋይል እዚያ ተቀባይነት አግኝቶ ተዘግቷል፣ የእኔ ፋይል እዚህ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ «ይህ የዚህች ልጅ ነው» የሚል ሰው ነው የምንፈልገው። የብዙዎቻችን ጉዳይ ከዚህ አያልፍም። የኮሚቴያችን አድራሻ አወያዩ ዘንድ አለ፤ ለዚህ የሚሰጥ ከተገኘ ደብዳቤውን እኛ እንጽፋለን።