«ሃሹ ከተመሳሰለ ሰው ማየት አያስፈልገውም» በተባለው ላይ የተነሣ ክርክር

የሐይቁ ልጅ፦
ሰሞኑን ደሴ ላይ ስለ ብራና መጻሕፍት ዲጂታል ቅጂ በተደረገ ውይይት አንድ ባለሙያ «ሃሹ ከተመሳሰለ ሰው ማየት አያስፈልገውም» ማለታቸው አንገብግቦኛል። የቀረበው ሐሳብ የየገዳሙና የየመስጊዱ መጻሕፍት ፎቶዎች ለኤአይ ኤጀንት (መሣሪያ እየጠራ ሥራ ለሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) ተሰጥተው፣ ኤጀንቱ በሃሽ ማስያ መሣሪያ የእያንዳንዱን ፋይል ሃሽ፣ ማለትም ሻ-256 በተባለ ስሌት ከፋይሉ ይዘት የሚወጣውን አጭር አሻራ፣ እንዲመዘግብ፣ ከዚያም በየወሩ ራሱ እያመሳከረ ሪፖርት እንዲያቀርብ ነው። መሣሪያውን አልቃወምም። ነገር ግን የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆየው ሰው እየተቀባበለ ስላየው ነው። እንዲህ ያለውን ቅርስ ሰው አይየው የሚል ምን ሊጠብቅ እንደ ተነሣ ይንገረን።

ኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ «አይየው» ያለ የለም፤ «ማየት አያስፈልገውም» ነው የተባለው፣ እሱም ስለ ፋይሉ እንጂ ስለ ብራናው አይደለም። በአንድ ፎቶ ውስጥ አንዲት ቢት (የዲጂታል መረጃ ትንሿ ቅንጣት) ብትለወጥ ዓይን አያያትም፤ ሃሹ ግን እንዳለ ይቀየራል። መሣሪያው ለኤጀንት መሰጠቱም ምክንያት አለው፤ ኤጀንቱን የሚያንቀሳቅሰው የቋንቋ ሞዴል ሻ-256ን በራሱ ማስላት አይሆንለትም። ለእያንዳንዱ የ512 ቢት ክፍል 64 ዙር ስሌት የሚጠይቀውን ሥራ ያለ መሣሪያ ብታዙት፣ 64 ሆሄ ያለው፣ ሲያዩት እውነተኛ የሚመስል፣ ከፋይሉ ጋር ግን የማይገናኝ ነገር ጽፎ ይሰጣችኋል። መሣሪያውን ሲጠራ ስሌቱን የሚሠራው ተራ ፕሮግራም ስለሆነ ግምት የሚባል ነገር አይኖርም።

የወረኢሉ መምህር፦
«ግምት አይኖርም» በሚለው አልስማማም። በስሌቱ ላይ ባይኖርም ለስሌቱ በሚቀርበው ላይ አለ። የአንድ መጽሐፍ ጸሐፊ በመጨረሻው ገጽ ያሰፈረውን ማስታወሻ ገልብጬ ኤጀንቱ ሃሹን እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁ። ወደ መሣሪያው የላከውን ከፍቼ ሳየው «ጸሐፊ» የሚለውን «ፀሐፊ» አድርጎታል፤ በቃላቱ መካከል የነበረውንም ሁለት ነጥብ አውጥቶ ባዶ ቦታ ትቶበታል። ለእኛ ንባቡ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ፊደላት ኮድ በሚሰጠው በዩኒኮድ ግን ጸ እና ፀ የተለያየ ኮድ ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። ስለዚህ የወጣው ሃሽ በትክክል የተሰላ የሌላ ጽሑፍ ሃሽ ነበር። ሰው ባያየው ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ኮምቦልቻ፦
ጋሼ መምህር፣ ያሳዩን የአጠቃቀም ችግር ነው። ኤጀንቱ ጽሑፉን ራሱ እንዲደግመው መደረግ የለበትም። የፋይሉን አድራሻ ብቻ ካቀበለ መሣሪያው ባይቶቹን በቀጥታ ከዲስኩ ያነባል፤ ሞዴሉ የሚያርመውም የሚያሳምረውም አይኖርም።

የሐይቁ ልጅ፦
አድራሻውን ይሁን ጽሑፉን ማቀበሉን የሚመለከተው ማን ነው? መልሱ ሰው ከሆነ «ሰው ማየት አያስፈልገውም» የተባለው ገና ከመነሻው ፈርሷል።

ከጦሳ ሥር፦
ስለ አጠቃቀም ከተነሣ፣ የማውቀው የአንድ ስብስብ መዝገብ እስከ ዛሬ ኤምዲ5 በተባለው የቆየ የሃሽ ዓይነት ነው ያለው። ዋንግ ሺያውዩንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት የኤምዲ5 ሃሽ ሊኖራቸው እንደሚችል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ጉግልና በአምስተርዳም የሚገኘው የምርምር ተቋም ሲደብሊውአይ ሻ-1 በተባለው ሌላ የሃሽ ዓይነት ላይ በሁለት ፒዲኤፎች ይህንኑ አድርገዋል። ኤጀንቱ እንዲህ ያለውን መዝገብ እያመሳከረ «ሁሉም ደኅና ነው» ቢል ምን ይረባናል?

ኮምቦልቻ፦
እነዚያ ተመራማሪዎች ያሳዩት ሁለቱንም ፋይሎች ራስ አዘጋጅቶ ማመሳሰል እንደሚቻል ነው። አስቀድሞ ለተመዘገበ የሌላ ሰው ፋይል እኩያ መሥራት በኤምዲ5 ላይ እንኳ በተግባር አልታየም። የዲስክ ብልሽትን ለማወቅ የቀድሞው መዝገብ ያገለግላል፤ የሰዎቹን ድካም እንዲህ ማናናቅ ተገቢ አይደለም።

ከጦሳ ሥር፦
ድካማቸውን አላናናቅሁም። ፎቶውን የሚያስረክበው ሰው ሁለቱን ፋይሎች አዘጋጅቶ ቢመጣስ? አስረካቢውን ሁልጊዜ ማመን የምንችል ቢሆን ኖሮ ሃሽም ባላስፈለገን። ሻ-256 እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የታወቀ መለኪያ ሆኖ፣ በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ በነጻ እየሠራ፣ ለኤምዲ5 መሟገት አይገባኝም።

ወሎዬዋ፦
ሁለታችሁም የሃሹን ዓይነት ይዛችሁ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ ረሳችሁ። ሃሹና ፋይሉ በአንድ ዲስክ ላይ ከተቀመጡ፣ ፋይሉን የለወጠ ሰው ሃሹንም አብሮ ይለውጠዋል፤ ኤጀንቱም በየወሩ «ተመሳስሏል» እያለ ይጽፍልናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከእንዲህ ያለው ጉዳት በኋላ ምን እንደነበረ ለማወቅ የሚረዳው ሌላ ቦታ የተቀመጠ ዝርዝር ነው። ሃሹ በወረቀት ታትሞ ለገዳሙ፣ ለመስጊዱ፣ የዐጀም (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ) መንዙማ ቅጂ በቤቱ ላለው ባለንብረትም ይሰጥ። በሐይቁ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል፤ ዝርዝሩን ከባለቤቱ ዘንድ ማኖር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

ኮምቦልቻ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ወረቀቱም ብዙ አይሆንም። ሃሾቹን ሁሉ የያዘው ዝርዝር ራሱ ሃሽ ስለሚወጣለት ለአንድ ገዳም አንድ መስመር ይበቃል። ጥርጣሬዬ የገጠር ሽማግሌ 64 የላቲን ፊደልና ቁጥር እንዴት ያመሳክራል የሚለው ላይ ነው።

የወረኢሉ መምህር፦
ዳዊትን በቃሉ የሚደግም፣ መንዙማውን ከነአዝማቹ የያዘ የወሎ ሽማግሌ 64 ምልክት ከወረቀት ወደ ወረቀት ማመሳከር ያቅተዋል መባሉን አልቀበልም። የላቲኑም ቢሆን ስድስት ፊደል ብቻ ነው። ችሎታው አለ፤ የጎደለው የሚጠይቀው ሰው ነው።

የሐይቁ ልጅ፦
አሁንም ወደ ተነሣሁበት እመለሳለሁ። ፎቶ ሲነሣ አንድ የብራና ቅጠል ከተዘለለ፣ የጎደለው ስብስብ ሃሽ ዘላለም ሲመሳሰል ይኖራል። በአሠራሩ ረቂቅ ላይ ቅጠሉን የሚቆጥረውና ከፎቶው ጋር የሚያስተያየው ሰው በግልጽ ይጻፍ። ካልተጻፈ የአካባቢዬ አባቶች መጽሐፋቸውን እንዲሰጡ አልመክርም።

ኮምቦልቻ፦
ቅጠል መቁጠር የፎቶ አንሺው ሥራ ነው፤ ይጻፍ፣ እደግፋለሁ። ወርኃዊውን ማመሳከር ሰው ካላጸደቀው አይጽና የሚለው ከተጨመረ ግን አልደግፍም፤ ፊርማ ሲጠበቅ የተበላሸ ዲስክ ሳይታወቅ ይከርማል።

ወሎዬዋ፦
ፊርማ ማን ጠየቀ? እኔ የጠየቅሁት ወረቀቱን ነው፤ እሱንም ማን እንደሚያትመው እስካሁን የመለሰልኝ የለም።